ወደኋላ የመለስኩት ቀን

ጋይንት ውስጥ በአንድ የመሬት ይዞታ ቢሮ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። የገበሬው ሁሉ የማሳ መዝገብ ያለው በአንዲት ሰርቨር ውስጥ ነው። ሰርቨሯ በሊኑክስ ትሠራለች፤ ከጀርባ ሆኖ መዝገቡን የሚያቀርብልን አንድ አገልግሎት አለ። እሱ ካልተነሣ ሁላችንም ወንበር አሟቂ ነን።

ያን ኅዳር ባለጉዳዩ ሁሉ በቀኑ ያማርር ነበር። በምንሰጠው የይዞታ ማስረጃ ላይ የሚታተመው የፈረንጅ ቀን ነው፤ «ይኼ የማን ዘመን ነው?» እያሉ ይመልሱልኛል። ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች እንዲያስተካክሉት መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ብልጥ ነኝ፤ የሰርቨሯን ቀን ራሱን ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኩትና አረፍኩ። ኃላፊያችን «እንዲህ ነው እንጂ!» አሉኝ፤ ደረቴን ነፋሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው ለእንደኔ ዓይነቷ ነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ መብራት ሄዶ መጣ። ሰርቨሯ ተነሣች፤ አገልግሎቱ ግን እምቢ አለ። አስነሣዋለሁ፣ ይወድቃል። ደግሜ አስነሣዋለሁ፣ ይወድቃል። ማሽኗ ስህተቷን የምትጽፍበትን ሎግ ከፍቼ ሳነብ፣ አገልግሎቱ ሲነሣ የሚፈትሸው የደኅንነት ሰርተፍኬት የሚጸናበት ቀን ገና አልደረሰም ይላል። ትናንት ሲሠራ የዋለ ሰርተፍኬት ዛሬ እንዴት ገና ይሆናል? ፋይሉ ተበላሽቷል ብዬ ከመጠባበቂያው ገለበጥኩት፤ ኬብል ነቀልኩ፣ መልሼ ሰካሁ። የትናንቱ ብልጠቴ ትዝ እንኳ አላለኝም።

በመስኮቱ በኩል ሰው ተሰልፏል። ባለሙያ ተብዬ «አቃተኝ» ማለት አፈርኩና፣ አገር ሁሉ የለመዳትን ቃል ወረወርኩ፤ «ኔትወርክ የለም።» ይህችን ቃል የሰማ ሰው አይከራከርም። ብልሽቱ የእኛው ነው ብል ኖሮ፣ ኃላፊው ከመዝገብ ቤት የወረቀቱን ቅጂ አስወጥተው ማኅተም መትተው ይሰጡ ነበር፤ አሠራራችን እንደዚያ ነው። ኔትወርክ ጠፋ ሲባል ግን ይመጣል ተብሎ ይጠበቃል። ይህን እያወቅኩ ነው ዝም ያልኩት።

ከተሰለፉት መካከል መቋሚያቸውን ተደግፈው የቆሙ አንድ መሪጌታ ነበሩ፤ ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው ነው የመጡት። ጎረቤታቸው ድንበር ገፍቶ የገብስ ማሳቸውን ይዞባቸው ክርክር ላይ ናቸው። በማግስቱ ሦስት ሰዓት ላይ የይዞታ ማስረጃቸውን ለፍርድ ቤት ካላቀረቡ ማሳው ይሄዳል፤ የመጨረሻ ቀጠሯቸው ነው።

«ልጄ፣ ዛሬ ይደርስልኝ ይሆን?»

«የኔታ፣ ኔትወርክ የለም። ነገ በጠዋት ይምጡ።»

«እንግዲህ አንቺ ምን ታደርጊ» ብለው ሄዱ።

በማግስቱ ቢሮ ስከፍት ደጃፉ ላይ ቆመው አገኘኋቸው። አግዳሚው ላይ አስቀምጫቸው ከማሽኗ ጋር ስታገል ሦስት ሰዓት ሊሆን ደረሰ። ባዶ እጃቸውን ወደ ችሎቱ ሄዱ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሱ።

«ያው ተወሰነብኝ። ቢሆንም ወረቀቴ በእጄ ይኑር» አሉና ተቀመጡ። ቆይተው ወደ ማሽኗ በመቋሚያቸው ጠቆሙ። «ይቺ ሣጥን ዛሬን ስንት ብላ ነው የያዘችው?»

«ምን አሉኝ የኔታ?»

«ባሕረ ሐሳብ ሳስተምር ተማሪው ስሌት ሲፋለስበት መጀመሪያ የምጠይቀው ዛሬን ነው። ዛሬን የሳተ ፋሲካን አያገኝም።»

የማሽኗን ቀን ከፍቼ አየሁ። ለእኛ ትክክል የሆነው ቀን ለማሽኗ ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደኋላ ነበር፤ ሰርተፍኬቱ ያን ጊዜ ገና አልተወለደም። ቀኑን ወደ ፈረንጁ መለስኩና አገልግሎቱን አስነሣሁት። ወዲያው ተነሣ። ሁለት ቀን የፈጀብኝ ነገር ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ወረቀቱን አትሜ ስሰጣቸው አፌ አሁንም ያንኑ አለ፤ «ኔትወርኩ መጣ፣ የኔታ።»

ወረቀቱን አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱ። «ዳኛው የኔትወርኩን ነገር አላመኑኝም። ይቺ ልጅ ስትለፋ በዓይኔ አይቻለሁ አልኳቸው። ክህነት ከተቀበልኩ ወዲህ ምዬ አላውቅም፤ ዛሬ ኔትወርክ ጠፍቶ ነው ብዬ በመስቀሉ ማልኩ። ምን አደርጋለሁ፣ እውነት ነዋ» አሉኝ። ከዚያ መርቀውኝ ወጡ።

የዚያን ቀን ተከትያቸው ወጥቼ ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ ብጽፍላቸው ኖሮ፣ በይግባኝ ማሳቸው ሊመለስ ይችል ነበር። ግን በሐሰት መማላቸውን ልንገራቸው? እንደዚያ እያልኩ ለራሴ ሰበብ ሰጠሁ፤ እውነቱ ግን ሥራዬን ፈርቼ ነው። የይግባኙ ጊዜ አለፈ። ገብሱን ጎረቤትየው አጨደው። እርሳቸው ለገበያ ሲመጡ አሁንም በመስኮቴ ብቅ ይሉና «ኔትወርክሽ ደኅና ነው?» ይሉኛል፤ እኔም ደኅና ነው እላቸዋለሁ።