ወደ ጉዛራ የመሩኝ ሽማግሌ

በጃንሆይ ዘመን ነው፤ ጎንደር አስተማሪ ሆኜ ከተመደብኩ ገና ወር አልሞላኝም። አንድ ቅዳሜ የጉዛራን ግንብ ለማየት በእህል ጫኝ ማኪና እንፍራንዝ ወረድኩ። መንገዱን ግን አላውቀውም።

ከከተማው ወጣ እንዳልኩ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ከፊቴ ሲሄዱ አየሁ።

«አያ፣ ወደ ግንቡ ነዎት?»

«አዎ» አሉና ቀጠሉ። ደስ ብሎኝ ተከተልኳቸው።

ወንዝ ውስጥ ገቡ፤ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። አጋም መሐል ገቡ፤ እኔም ገባሁና ያለኝ አንድ ሱሪ ጉልበቱ ላይ ተተረተረ። አልፎ አልፎ ዞር ብለው ያዩኛል። ደከመው እንዳይሉኝ ፈገግ ብዬ ራሴን ነቅነቅ አደርግላቸዋለሁ፤ እሳቸውም ይቀጥላሉ።

በመጨረሻ ግንቡ ብቅ አለ። ከግድግዳው ስንጥቅ ዛፍ በቅሏል፤ ርግቦች በመስኮቱ ይወጣሉ ይገባሉ፤ ከታች ጣና ተንጣሏል። የሱሪዬን ነገር ረሳሁት።

ሽማግሌው ድንጋይ ላይ አረፍ አሉ። «ሸጋ ነው! በል ንገረኝ፣ ማን ነው የሠራው?»

«እኔ? የአገሩ ሰው እርስዎ አይደሉም?»

«እኔማ ከትክል ድንጋይ ከተማ ልጄን ልጠይቅ የመጣሁ እንግዳ ነኝ። ዞር ባልኩ ቁጥር ራስህን ስትነቀንቅልኝ፣ ልክ ነው የምትለኝ መስሎኝ!»

ሆዳችንን ይዘን ስንስቅ እንጨት የተሸከመች ሴት በሰፊው መንገድ መጣችና የተተረተረ ሱሪዬን አየች።

«ምነው፣ መንገዱ እያለ በእሾኹ የመጣችሁ?»

ሽማግሌው ዕድሉን አላሳለፉትም። «እስቲ አንቺ ንገሪን፣ ይኸን ግንብ ማን ሠራው?»

ሸክሟን አስተካክላ ግንቡን ቀና ብላ አየችው።

«እኔ እንጃ፣ ስወለድም እዚሁ ነበር።»