ግራሩና የአዳማ መንታ

ስለ ራሴ አስቀድሜ እኔው ልናገር፤ ሌላ ሰው ሲናገርልኝ ያሳንሰዋል። ከአራተኛ ክፍል በላይ አልተማርኩም። ይሁን እንጂ አዳማ ውስጥ ፈትቼ ያልገጠምኩት የውሃ ፓምፕ፣ ቬንትሌተርና ፍሪጅ የለም። እንግሊዝኛንም የተማርኩት ከማሽን መመሪያ ነው። ዲግሪ ያላቸው መሐንዲሶች ሳይቀሩ «ጋሼ፣ እስቲ ይህን ይዩልን» እያሉ ይመጣሉ። ባለቤቴ ይህን ስነግራት፣ «የቤታችን ቧንቧስ መቼ ይታይለት?» ትለኛለች።

እሷ ከዓለም ጤና ከተማ የሚመጣ ሽንኩርት ትሸጣለች። ቦታዋ የገበያው ዳር ካለው ትልቅ ግራር ሥር ነው፤ በኦሮምኛ ገርቢ የሚሉት ዓይነት። በበጋ አስፋልቱ ጫማ ሲያቀልጥ፣ እዚያ ጥላ ሥር ግን ሻጭም ገዢም ይተነፍሳል።

ጥር ላይ የሰፈሩ ሰው ለስብሰባ ተጠራ። ወጣት ባለሙያዎች ከተማችንን በኮምፒውተር ውስጥ እንደገና ሠርተዋት መጡ፤ ቤቱ፣ ቆርቆሮው፣ መንገዱ አንድ በአንድ። ዛፍ ቢተከል፣ ጣራ ነጭ ቢቀባ፣ ሙቀቱ ምን ያህል እንደሚቀንስ መጀመሪያ እዚያ ይሞከራል።

«ይህ የአዳማ ዲጂታል መንታ ነው» አለች መሪያቸው፣ መነጽር ያደረገች ልጅ።

«እንኳን ማርያም ማረቻት!» አሉ ከባለቤቴ አጠገብ የተቀመጡት ቲማቲም ሻጭ። «የአንዷን አዳማ ሙቀት መቼ ቻልነውና ነው መንታ የወለደችው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ግን አልቆየም። ልጅቷ የገበያውን ዳር ሙቀት በሚያመለክተው ቀይ ቀለም አሳየችንና ቦታው የባጃጅ ማቆሚያ እንደሚሆን፣ ዙሪያውም ችግኝ እንደሚተከል ተናገረች። ግራሩ «የደረቀ ዛፍ» ተብሎ ተመዝግቧል፤ ይቆረጣል።

ባለቤቴ ክንዴን ጨመቀችው። «ማሽን አውቃለሁ ትል የለ? በል ዛፌን አድንልኝ። ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ሽንኩርት አልሸጥም፤ በዚህ ዕድሜዬ።»

ተነሳሁ። «ልጄ፣ ፎቶው መቼ ተነሳ?»

«ነሐሴ ላይ ነው ጋሼ፣ በድሮን።»

«ታዲያማ ራቁቱን አገኛችሁታ!» አልኩ። «ይህ ዛፍ ሌላው ሲለብስ ያወልቃል፣ ሌላው ሲያወልቅ ይለብሳል። በዝናብ ቅጠሉ ይረግፋል፣ በበጋ ይለመልማል። መንታችሁ የወሰደው የክረምቱን መልክ ብቻ ነው።»

«እውነት ነው!» አሉ ሴቶቹ በአንድ ድምፅ። ልጅቷ ግን በቃል የምታምን አይደለችም፤ የሙቀት መለኪያዋን አንስታ «እንሂድ» አለች። እኩለ ቀን ነበር። ግራሩ ለምልሞ ቆሟል። መጀመሪያ አስፋልቱን፣ ቀጥሎ ከጥላው ሥር ያለውን መሬት ለካች። ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አነበበችውና ሳቀች። «ጋሼ፣ የት ነው የተማሩት?»

«በራሴ ጥናት» አልኩ።

«የምን ጥናት!» አለች ባለቤቴ። «ክረምት በመጣ ቁጥር ‹ይሄ ዛፍ ዝናብ ላይ ጥሎኝ ይራቆታል› እያልኩ ሸራ የማስወጥርህ እኔ አይደለሁም?»

ማዳመጥም ጥናት ነው፤ ያን ዕለት ግን አልተከራከርኳትም።

ልጅቷ ዛፉን ከነቅጠሉ መንታው ውስጥ አስገባችው። የገበያው ዳር ቀይ ቀለም ደበዘዘ፤ የወረዳው ሰዎችም አይተው ዕቅዱን ቀየሩት።

እንግዲህ በዚያ ሳምንት የፈጸምኩትን ልቁጠር፦

አንድ ግራር ከመጋዝ አድኛለሁ።

የአዳማን መንታ አርሜአለሁ፣ ያውም ኮምፒውተሩን ሳልነካ።

የባጃጅ ማቆሚያውን ወደ ማዶ አሻግሬአለሁ። ሾፌሮቹ ተቀይመው «የመንታው አባት» ይሉኛል፤ እኔ እንደ ማዕረግ ነው የምቆጥረው።

ባለሙያዎቹ ዛፍ ሲመዘግቡ ሥሩ የሚቀመጠውን ሰው እንዲጠይቁ አድርጌአለሁ።

ባለቤቴን በገበያተኛ ፊት «ጎበዝ ነህ» አሰኝቻታለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቲማቲም ሻጯ ግን ሰምተዋል።