የነፋሱ ሒሳብ

ባለቤቴ የፖሊስ ተኩስ አሰልጣኝ ነው፤ እኔ ደግሞ ጅጅጋ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከደሴ ተመድቤ መጥቼ፣ የአውበሬ ከተማ ልጅ አግብቼ እዚሁ ቀረሁ። እሱ አማርኛን የለመደው ቢሮ ውስጥ ስለሆነ ሲቆጣ እንኳ ደብዳቤ የሚያነብ ይመስላል። ፖሊሶቹ ሁሉ «ማአሊን» ይሉታል፤ አስተማሪ ማለታቸው ነው። ከመካከላቸው የጠመንጃ አያያዝን ከእሱ ያልተማረ የለም።

ኮሮናው ጋብ ካለ በኋላ አንድ ቀን ከሥራ ገብቶ፣ ጫማውን ሳያወልቅ ተቀመጠና «ጥይቶቼ የሚሄዱበት ጠፋኝ» አለኝ። ለክልሎች ውድድር ተኳሾች ሊመረጡ ነበር። እሱ ካልተመረጠ የተኩስ ሜዳውን ለሌላ አስረክቦ መዝገብ ቤት እንደሚቀመጥ አለቃው ነግሮታል። ባሌን አውቀዋለሁ፤ መዝገብ ቤት ከሚገባ ቤቱ ቢቀመጥ ይሻለዋል።

«እስቲ ሒሳቡን እይልኝ፤ የአንቺ ሙያ አይደል?» አለ።

እኔም ሙያዬ መስሎኝ ነበር። ክፍል ውስጥ ስለሚወረወር ነገር ሳስተምር «የአየሩን ነገር ለጊዜው እንተወው» ብዬ ነው የምጀምረው፤ ስለ አየሩ የሚጠይቀኝ ተማሪ ካለ በዘዴ አልፈዋለሁ። ስድስት መቶ ሜትር ለሚሄድ ጥይት ግን ዋናው ነገር አየሩ ነው። ጥይቱ ከአፈሙዙ እንደወጣ አየሩ ይይዘዋል። ፍጥነቱ ሲቀንስ መንገድ ላይ ይቆያል፤ በቆየ ቁጥር ምድር ወደ ታች ትስበዋለች፣ ነፋሱም ወደ ጎን ይገፋዋል። ከጠመንጃው ጋር የመጣው ሠንጠረዥ ደግሞ ለባሕር ዳርቻ አየር የተሠራ ሆኖ አገኘሁት። የእኛ አገር ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ጥይቱ እዚህ የሚወርደው ሠንጠረዡ ከሚለው ባነሰ ነው። ይህን ሳገኝ ደስ ብሎኝ ሮጬ ነገርኩት።

«እሱንማ ድሮም በልምድ እናስተካክለዋለን። የቸገረኝ ጎንና ጎኑ ነው» አለኝ።

አናደደኝ፤ ግን እልህም ያዘኝ። አለቃው ፈቅዶልኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቱሊ ጉሌድ በሚወስደው መንገድ ወዳለው ተኩስ ሜዳ ከባሌ ጋር መሄድ ጀመርኩ። አሮጌ ሽርጡን ቀድጄ እስከ ኢላማው ድረስ በየርቀቱ በተተከሉ እንጨቶች ላይ አሰርኩት። ጨርቁ ሲርገበገብ እያየሁ የነፋሱን ጉልበት እገምታለሁ፣ አስልቼ ለባለቤቴ እነግረዋለሁ፣ እሱም የማነጣጠሪያ መነጽሩን ብሎን ያዞራል። ኢላማው ሥር ጉድጓድ ውስጥ የሚቀመጥ አንድ ሃምሳ አለቃ አለ። ጥይቱ የት እንዳረፈ በሬዲዮ የሚናገረው እሱ ነው፤ ሬዲዮውን ደግሞ ሜዳው ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማዋል።

«ትንሽ ወደ ቀኝ ነው፣ ማአሊን።»

ወደ ግራ አስተካከልን።

«ትንሽ ወደ ግራ ነው፣ ማአሊን።»

የጨመርኩትን በግማሽ ቀነስኩ።

«አሁን ትንሽ ከፍ ብሏል።»

ጨርቁን አየሁት፤ አንድ ዓይነት ነው የሚርገበገበው። ነፋሱ ካልተለወጠ የእኔ መልስ ለምን ይለዋወጣል? የተሳሳትኩት ቁጥሩን ነው ብዬ እንደገና ሠራሁ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሙቀቱን ጨመርኩበት። ከዚያ ጥይቱ እየተሽከረከረ ስለሚሄድ ወደ ቀኝ መሳብ እንዳለበት አነበብኩና እሱንም ጨመርኩ። ሲጨንቀኝ የምድርን መዞር ሁሉ አስገባሁ።

«ደግሞ ምድርን ልትከሺ ነው?» ብሎ ሳቀብኝ።

እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ መሀል ላይ እቆማለሁ፤ ተማሪዎቼ ይጠብቁኛል፣ እኔ ደግሞ የቱ ጋ እንደነበርኩ ይጠፋኛል። ሒሳብ እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም። ሌሎቹ ተኳሾች የሰጠኋቸውን ቁጥር ይዘው ይመታሉ። ያው ሜዳ፣ ያው ነፋስ፣ ያው ሠንጠረዥ። ለባሌ ብቻ ለምን እንደማይሠራ ሊገባኝ አልቻለም።

ምርጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው ግን ትዕግሥቴ አለቀ። ተኩስ እንዲቆም ተደርጎ ቀዩ ባንዲራ ሲወርድ፣ ማንንም ሳላስከትል ወደ ኢላማው ሄድኩ። ሃምሳ አለቃው ሲያየኝ ወረቀቱን ቶሎ ቶሎ መጠቅለል ጀመረ።

«አምጣው» አልኩት።

«አባዮ፣ ይሄ አሮጌ ነው። አዲስ ልለጥፍ ነው።»

«አሮጌውን ነው የምፈልገው።»

እህቴ እያለ ለመነኝ፤ አልሰማሁትም። ወረቀቱን ስዘረጋው ቀዳዳዎቹ ከላይም ከታችም፣ ከግራም ከቀኝም ነበሩ። አንዳንዱ ጥይት ጭራሽ ወረቀቱን አልነካውም።

«ታዲያ ‹ትንሽ ወደ ቀኝ› ስትል የነበረው ምንድነው?»

«ለመሃሉ የቀረበውን ነበር የምናገረው» አለ። አንገቱን አቀረቀረ። «ያስተማረን እኮ እሱ ነው። ሰው ሁሉ እየሰማ ማአሊን ሳተ ልበል? ከእኛ አንዱም እንዲህ አይልም፣ ወላሂ።»

«ጠመንጃው ይሆን?»

«እኔ ተኩሼበታለሁ። ጠመንጃው ደህና ነው።»

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ነፋስ ጥይቶቹን ሁሉ ወደ አንድ ወገን ቢገፋቸው እመልሳቸው ነበር። በየአቅጣጫው የተበተነን ነገር ግን የሚመልስ ሒሳብ የለም፤ ይህን ለተማሪዎቼ በየዓመቱ እነግራቸዋለሁ። ያኔ ነው መኪና መንዳቱን ከምሽት በፊት የሚያቆመው፣ የመንገድ መብራት እያየ የሚሳደበው፣ ስልኩን ለእኔ ሰጥቶ አንብቢልኝ የሚለው ሁሉ አንድ ላይ የመጣብኝ። በጣም ፈራሁ።

ቤት ስንገባ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ሊያየው አላጎነበሰም። ቀዳዳዎቹን በጣቱ እየዳበሰ ከዳር እስከ ዳር ሄደ።

«ሬዲዮው እንዲህ አላለም» አለ።

«አላለም። ሐረር ሄደን ዓይንህን ለሐኪም እናሳይ።»

ወረቀቱን ወደ ራሱ ሳብ አደረገ። ከዚያ «ሌላ ማን ያውቃል?» ብሎ ጠየቀኝ። ልዋሸው አስቤ ነበር፤ አፌ እምቢ አለኝ።

«ሁሉም ያውቃሉ» አልኩት።

«እኔ እኮ የደበቅኳቸው መስሎኝ ነበር። አንቺንም።»

ይህን ሲል ንዴቴ ግንፍል አለ። ያን ሁሉ ቅዳሜ፣ ያን ሁሉ ራስ ምታት አስታወስኩ።

«እያወቅክ ነው? ታዲያ ይሄን ሁሉ ሒሳብ ለምን አሠራኸኝ?»

እጁን ከወረቀቱ ላይ አላነሳም።

«ነፋስ ቢሆንልኝ ብዬ» አለ።