መጋረጃዋና የባሏ እናት

ሙያዋ መጋረጃ መስፋት ነው። ሱቋ በጫማ ጠጋኙና በፀጉር አስተካካዩ መሃል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ናት። ሰፈርተኛው «መጋረጃዋ!» ብሎ ሲጠራት «አቤት» ትላለች።

መጋረጃዋ አይሁድ ናት። ባሏ ትቷት ከሌላ ሴት ጋር መኖር ሲጀምር ፍርድ ቤት ትዳራቸውን አፈረሰው። በእምነቷ ሕግ ግን ይህ አይበቃም፤ ባል ወዶ የፍቺውን ወረቀት እጇ ላይ ካላኖረ ሴቲቱ አሁንም ሚስቱ ናት፣ ሌላ ማግባት አትችልም። እሱ ደግሞ ወረቀቱን ከለከላት።

«ምን አስቸኮላት? ትጠብቃ!» ይል ነበር።

ጠበቀች። ወጣትነቷ ስፌት መኪናው ላይ እንዳቀረቀረች አለፈ። የመጋረጃ ዘንግ የሚሠራላት አናጺ እንደሚወዳት ታውቅ ነበር፤ እሷም አልጠላችውም። ግን የሰው ሚስት ናትና ዘንጎቹን ደጃፍ ላይ አስረክቧት ይሄዳል።

ረቢው ባልየውን ቢመክሩት፣ ቢቆጡት፣ ወይ ፍንክች! በምኩራብ ኦሪት ለማንበብ እንዳይጠራ ቢያደርጉት ጭራሽ መምጣቱን ተወ።

በመጨረሻ የተነሱት የገዛ እናቱ ናቸው። ምላሳቸው እንደ መቀስ የሚቆርጥ ሴት ናቸው። አርብ ማታ ልጃቸው እንደ ልማዱ የሰንበትን ራት ሊበላ ሲመጣ በሩን ገርበብ አድርገው ቆሙበት።

«እማዬ፣ ምነው? አታስገቢኝም እንዴ?»

«የሰው ልጅ ቆልፈህ ለአንተ በር ይከፈት?»

«ለሷ ብለሽ እኔን? ልጅሽ እኮ ነኝ!»

«ልጄማ ነህ። ያጠባሁህ እኔ ነኝ፤ ይህን ክፋት ከየት እንደጠባኸው ግን እንጃ። ፍታትና ና፣ ራትህን ታገኛለህ።»

ዘጉበት። ከበሩ ጀርባ ተቀምጠው ማልቀሳቸውን ለመጋረጃዋ የነገሯት ቆይተው ነው። በየሰንበቱ እየመጣ እየተመለሰ፣ እህቶቹም እንደ እናታቸው ፊት እየነሱት፣ አንድ ቀን ልቡ ተሰበረ።

በእምነቱ ዳኞች ፊት ወረቀቱ መዳፎቿ ላይ ሲያርፍ መጋረጃዋ ማልቀስ አማራት፤ የመጣላት ግን ሳቅ ነው። አሮጊቷ ውጭ ቆመው ይጠብቋት ነበር። እጃቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ያዟት።

«ተይ! አሳሪውን የወለድኩት እኔ አይደለሁ? ማስፈታቱም የኔ ሥራ ነው።»

«እማማ፣ እንግዲህ ምራትዎ መሆኔም ቀረ» አለች እንባዋ እየመጣ።

«ማን ስለ ምራት አወራ? ልጄ ነሽ።»

ሕጉ የሚያዘውን ጊዜ ጠብቃ አናጺውን አገባች። በሠርጓ ዕለት ክንዷን ይዘው ወደ ሙሽራው ያደረሷት እሳቸው ነበሩ። ዛሬ ጉልበታቸው ስለደከመ አብረዋቸው ይኖራሉ፤ ከአናጺው ጋር «መዶሻህን ቀስ በል!» እያሉ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። የቀድሞ ባሏም እናቱን ሊጠይቅ አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፤ መጋረጃዋ ሻይ ታቀርብለታለች።

ፀጉር አስተካካዩ «አንቺ ደግሞ! ያን ሁሉ ዓመት ላሰረሽ ሰው ሻይ?» ቢላት፣ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካ አድርጋ ሳቀች።

«ምን ላድርገው? እናቱን እኮ ሰጥቶኛል።»