ዲስኩ የቆመበት ቦታ

አንድን ነገር ስጠላ ለምን እንደጠላሁት በቅደም ተከተል ማስረዳት እወዳለሁ፤ የመምህርነት ጠባይ ነው። ያንን የቪዲዮ ጨዋታ ለማስረዳት ስነሳ ግን ሁልጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ሽታው ነው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ፣ በቆርቆሮ የተሠራ ፕሌስቴሽን ቤት ነበር። መስኮት የለውም። ሃያ ልጅ በሁለት አግዳሚ ወንበር ላይ ይታጨቃል። የአርባ ምንጭን የቀትር ሙቀት ለሚያውቅ ሰው ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም። ጆይስቲኩ በማንጎ ጭማቂና በላብ ስለተለሰነ መዳፍ ላይ ይጣበቃል፤ አንዱ ሲለቀው ሌላው ሱሪው ላይ ጠርጎ ይቀበለዋል። በዚያው እጄ ሙዝ ልጬ እበላ ነበር።

ጊዜው ሚሌኒየሙ ሊገባ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው፤ ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ። ጨዋታው እንዲህ ነው። ሌላ ቦታ የየራሳቸው ጨዋታና የየራሳቸው ታሪክ ያላቸው ጀግኖች ተለቃቅመው አንድ ደሴት ላይ ይገናኛሉ። አንዱ ጎራዴ ታጥቆ ይመጣል፣ አንዷ በጠፈር መርከብ ትወርዳለች፣ አንዱ ከሕፃናት ካርቱን የወጣ ቀበሮ ነው። የስድስት ሰርግ እድምተኛ አንድ ዳስ ውስጥ ቢታጎር እንደማለት ነው፤ ማን የማን ወገን እንደሆነ ሳይታወቅ ሁሉም ይበላል፣ ሁሉም ይጨፍራል፣ ከዚያ ይደባደባል። ወደ ደሴቱ የሚያስገባው በር ስለተሰበረ ወደየታሪካቸው መመለስ አይችሉም። መላው ጣጣ በሩን ጠግኖ ወደ ቤት መግባት ነው።

ከመሀላቸው አንድ ብቻ ከየትም ያልመጣ አለ፤ ለዚሁ ጨዋታ ሲባል የተፈጠረ፣ ፊቱን በብረት ጭምብል የሸፈነ ወታደር። ጓደኛዬ የሚመርጠው ሁልጊዜ እሱን ነበር።

ጓደኛዬ ከከተማው ወጣ ብላ ያለችው የላንቴ መንደር ልጅ ነው። ለትምህርት ከተማ መጥቶ አክስቱ ጋ ይኖራል። ቤታቸው የሚነገረው ጋሞኛ ነው፤ አማርኛው ያኔ አጭር አጭር ነበር፣ ጆይስቲክ ሲይዝ ግን የሚረታው አልነበረም። እኔ በተቃራኒው ሁለት ደቂቃ ሳልቆይ እሞታለሁ፤ እንግሊዝኛ ግን አነባለሁ። አነባለሁ ብዬ አምን ነበር ማለት ይሻላል። ስለዚህ እሱ ይጫወታል፣ እኔ ከስሩ ቁጭ ብዬ ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ጽሑፍ በአማርኛ ለአግዳሚው ሁሉ አሰማለሁ። ቪዲዮ ቤት ውስጥ የውጭ ፊልም የሚተርክ ሰው እንዳለ ሁሉ የኛም ቤት ተራኪ ነበረው፤ እሱም እኔ ነበርኩ።

«ኧረ አንብብ! አፍህን ነው እንዴ የዘጋኸው?» ይላል ከኋላ አንዱ።

«ቆይ፣ ረጅም ነው።»

«እሷ ይሄን ያህል ተናግራ አንተ 'እንሂድ አለች' ብቻ ትለናለህ? ቀሪውን በላኸው?»

ልክ ነበሩ፤ የማይገባኝን እዘለው ነበር። መዝለሌ ሲያስቅብኝ ደግሞ መሙላት ጀመርኩ። የሞላሁት ሲወደድልኝ ደስ አለኝ። አንድም ቀን «ይሄ አልገባኝም» ብዬ አላውቅም።

ዲስኩ አንድ ነው፤ ከአዲስ አበባ ተገልብጦ የመጣ፣ ጀርባው የተጫጫረ። ባለቤቱ በየጠዋቱ በሙዝ ልጣጭ ውስጠኛ ክፍል ያሸዋል፣ ከዚያ በካኒቴራው ጫፍ ይወለውለዋል። ሙዝ በሞላበት አገር መድኃኒቱም ሙዝ ነው። እስከ መጨረሻው ውጊያ ድረስ ይሠራል። ጀግኖቹ በሩ ጋ ይደርሳሉ፣ ጭምብል ለባሹ ወደ እነሱ ዞር ይላል፣ አፉን ሊከፍት ሲል ስክሪኑ ቀጥ ይላል። ልጣጭ ታሸ፣ ተወለወለ፣ ተነፋበት፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ እዚያው ቦታ ቀጥ። አግዳሚው ሊያብድ ደረሰ።

«አንተ ተራኪ፣ ምን ይላል? መጨረሻው ምንድን ነው?»

አላውቅም ማለት ነበረብኝ። «አጎቴ ከአዲስ አበባ ባመጣው መጽሔት ላይ አንብቤዋለሁ» አልኩ። አጎቴ መጽሔት አምጥቶ አያውቅም። ከዚያ እዚያው ላይ ፈጠርኩት፤ በሩ ከውጭ ካልተያዘ አይዘጋም፤ ስለዚህ ጭምብል ለባሹ ሌሎቹን ሁሉ አስገብቶ እሱ ውጭ ይቀራል፤ በሩን በጀርባው ደግፎ ይዘጋዋል። ጓደኛዬ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣

«ማን አዘዘው?» አለኝ።

«ማንም። ራሱ ነው።»

ራሱን ነቀነቀ። ወደ ቤት ስንሄድ ደግሜ እንድነግረው ጠየቀኝ፤ ደግሜ ነገርኩት፣ ሁለት ነገር ጨምሬበት።

አሥረኛ ክፍል ስንደርስ አባቱ ታመመ። የፈተናው ውጤት ሲመጣ እኔ አለፍኩ፣ እሱ በትንሽ ነጥብ ወደቀ። ላንቴ ወርዶ የአባቱን የሙዝ ማሳ ያዘ፤ ከሥሩ አራት ታናናሾች አሉ። እኔ ተማርኩ፣ ተመረቅኩ፣ ዕድል ሆኖ ወደ አርባ ምንጭ ተመልሼ እንግሊዝኛ አስተማሪ ሆንኩ። በወር አንድ ቀን ላንቴ እሄዳለሁ። እናቱ ከበቆሎ ዱቄትና ከሽፈራው ቅጠል የተሠራ ኩርኩፋ ታቀርብልናለች፤ እሱም ታናናሾቹ ፊት «ቲቸር» እያለ ያሾፍብኛል።

አንድ ቅዳሜ እንዲህ አለኝ፤ «ትምህርት ቤታችሁ ኢንተርኔት ገብቷል አሉ። ያ ጨዋታ መጨረሻውን አውርድልኝ። እህቶቼ በአፍ ብቻ ነው የሚያውቁት፤ በሩን ሲዘጋ በዓይናቸው ይዩ።»

ለካ ባለፉት ዓመታት ሁሉ ታሪኩን በጋሞኛ ሲነግራቸው ኖሯል። «እሺ» አልኩት።

ሰኞ ዕለት የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክፍል ገባሁ። ጨዋታው ለካ አምስት ክፍል ሆኗል። ሥርዓት ስለምወድ ደብተር አሰመርኩ፤ ክፍል፣ ገጸ ባሕርይ፣ የሞተበት፣ የተነሣበት። ሌሎች ሰዎች ሲጫወቱ የቀረጹትን በሁለት ሳምንት በተርታ አየሁ። እንዲህ ያለ ቆሻሻ አይቼ አላውቅም። ዲስካችን ቀጥ ባለበት ቦታ ጭምብል ለባሹ አፉን ከፍቶ የሚናገረው በሩን የሰበረው ራሱ መሆኑን ነው፤ ጀግኖቹን የሰበሰበው ጉልበታቸውን ሊመጥጥ ነበር። ይሁን፤ ከዳተኛም ገጸ ባሕርይ ነው። በሁለተኛው ይሞታል፤ ሁሉም ያለቅሱለታል፣ ለምን እንደሆነ አልተነገረንም። በሦስተኛው የሞተው ግልባጩ ነበር ይላሉ። በአራተኛው ጭምብሉን ያጠለቁት ሦስት ሰዎች ሆነው ይገኛሉ። አራተኛውን ከአምስተኛው የሚያገናኘው ክፍል የወጣው በሌላ የጨዋታ መሣሪያ ብቻ ነው፤ ያ መሣሪያ የሌለው ሰው ታሪኩ መሀል ላይ ተቦድሶ ይሰጠዋል። በአምስተኛው የደሴቱ ነገር ሁሉ የአንድ በር ጠባቂ ሕልም ነበር ተብሎ ያበቃል፤ ከዚያ ጠባቂው ዓይኑን ይገልጥና ስድስተኛውን ጠብቁ ይላል። የሞት ዓምዴ አሥራ አራት መስመር ሞላ፤ የትንሣኤው አሥራ አምስት። አንዱ ሳይሞት ነው የተነሣው። ደብተሩን ስዘጋ እጄን መታጠብ አማረኝ።

የበለጠ ያስጠላኝ ግን ራሴ ነበርኩ። ጓደኛዬ ማሳው ላይ የቀረው በኔ ውሸት መሰለኝ። አንድ ሰው ውጭ ቀርቶ በር ይያዝ ያልኩት እኔ ነኝ፤ እሱም ቀርቶ በር ያዘ። ይህን እያሰብኩ የመጀመሪያውን ክፍል መጨረሻ በላፕቶፕ ይዤ ላንቴ ወረድኩ።

የሙዙ ጥላ ሥር ተቀምጠን አየነው። እያቆምኩ ማስረዳት ስጀምር «ተወው፣ ይታያል» አለኝ። ሲያልቅ መሬት ላይ ምራቁን እንትፍ አለ።

«ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው። ያኔ የነገርኩህን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። መጽሔት አልነበረም። አንተ ግን አምነኸኝ እዚህ ቀረህ። ይቅርታ አድርግልኝ።»

ትክ ብሎ አየኝና ሳቀ፤ ደስ የሚል ሳቅ አልነበረም።

«እኔ የቀረሁት በጭምብል ነው? ሰውዬ፣ አባቴ ታሞ ነው! አራት ልጅ ነበር ቤት ውስጥ። ራስህን እንደዚህ አታግዝፍ።»

አፈርኩ። እፎይም አልኩ። እሱ ግን ሳቁን ቆርጦ የሙዝ ቅጠል መቅደድ ጀመረ።

«መጽሔቱን አይቼዋለሁ ነበር ያልከኝ። ገጹን ሁሉ ነግረኸኛል፣ ሥዕሉ በስተግራ ነው ብለህ» አለ ቀስ ብሎ። «ሌላስ ምን ነገርከኝ?»

«ሌላ ምን?»

«ውጤቱ የመጣ ቀን። በግል ተመዝግቤ እንደገና እፈተናለሁ ስልህ አይቻልም አልከኝ። መመሪያ አለ፣ አንዴ የወደቀ በግል አይፈተንም አልከኝ። ጣትህን እየቆጠርክ አስረዳኸኝ። አንብበኸው ነው?»

የማሳው ውሃ ድምፅ ይሰማኛል። ያን ቀን አስታወስኩት፤ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር ቆመን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልኩ ነበር። ከማን እንደሰማሁት እንኳ ትዝ አላለኝም። ምናልባት ከማንም አልሰማሁትም።

«አላነበብኩም» አልኩት።

የመስኖ ተራው ደርሶ ነበር፤ አካፋውን አንሥቶ ቦዩን ሊከፍት ሄደ። እናቱ ምሳ አቅርባ ብትጠራውም አልመጣም። ብቻዬን በልቼ ተነሣሁ፤ የበላሁት ምን ምን እንደሚል አላወቅኩም።

ሰኞ ጠዋት የትምህርት ቤታችንን መዝገብ ቤት ሠራተኛ ጠየቅኳቸው። በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፤ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ፣ «በግል? ሁልጊዜም ይቻል ነበር እንጂ ልጄ። በየዓመቱ ስንቱን መዘገብኩ» አሉኝ። አመስግኜ ወጣሁ። ያ ሁሉ ሰው እየተፈተነ፣ ሰልፉ እዚሁ ግቢ ውስጥ ቆሞ፣ አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ ነው መመሪያ አለ ያልኩት። የአምስቱ ክፍል ደራሲዎች ቢያንስ ጨዋታ ነው ብለው ነው የሸጡት።

ሳምንቱ እስኪያልቅ አልጠበቅኩም፤ ከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜ ስለሌለኝ ባጃጅ ይዤ ላንቴ ሄድኩ። ጓደኛዬ መንገድ ዳር ሙዝ እያስጫነ ነበር። ሰላም አለኝ፤ «ቲቸር» አላለኝም።

«ጠይቄ መጣሁ» አልኩት። «ይቻል ነበር።»

የያዘውን ዘለላ መኪናው ላይ አስቀመጠ፤ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«አሁንስ?» አለኝ። «በዚህ ዕድሜዬ? ሥራ ላይ እያለሁ? ምዝገባው መቼ ነው?»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ይቻላል፣ ምዝገባው በዚህ ወር ነው፣ ይህን ይህን ወረቀት ትይዛለህ፤ ሦስቱንም በቅደም ተከተል ልለው ትንፋሽ ወስጄ ነበር። አንዱንም ግን ጠይቄ አላረጋገጥኩም ነበር።

«አላውቅም» አልኩት። «ነገ ጠይቄ እነግርሃለሁ።»

«አትንገረኝ» አለ፤ ወደሚቀጥለው ዘለላ እየጎነበሰ። «አስጽፈህ አምጣ። ማህተም ያለበት ይሁን።»