መገንጠያው ላይ የጠበቅነው መኪና

ነገሩ የሆነው ከአራት ዓመት በፊት፣ ነሐሴ ላይ ነው። በዕድሜዬ ብዙ ክፉ ነገር አይቼ ረስቻለሁ። ይህ ግን አልወጣልኝ አለ። ያልወጣልኝም ሌላ ሰው ባደረገው ብቻ አይደለም፤ እኔው በገዛ አፌ "እንጠብቅ" ብዬ ስለነበረ ነው።

የመንዝ ሰው ነኝ። ገብስ አርሳለሁ፣ እርሻ ሲያርፍ ደግሞ የበግ ፀጉር እሸምናለሁ፤ ባና የምንለውን የሱፍ ብርድ ልብስ እሠራለሁ፣ በርኖስ እሠራለሁ። እጄ ጥሩ ነው ይሉኛል። ምላሴም እንዲሁ አያርፍም፤ መከራ ያመጣብኝ እሱ ነው።

ያኔ የምክር ቤት አባል አድርገን የመረጥነው ሰው ከወንዙ ማዶ የተወለደ ነው፤ አባቱንም አውቃቸው ነበር። ስሙን አልጠራም። በምርጫው ጊዜ በየደጁ ይዤው የዞርኩት እኔ ነኝ። "የኛው ልጅ ነው፣ ብርዳችንን ያውቀዋል፣ አይረሳንም" እያልኩ ማልኩለት። እሱም በወንዛችን ላይ ድልድይ እንደሚያሠራ በሕዝብ ፊት ቃል ገባ። ሽማግሌዎቹ ስጦታ ይሰጠው ሲሉ፣ ሁለት ወር ሙሉ የደከምኩበትን ጥቁር በርኖስ አምጥቼ በእጄ ትከሻው ላይ ደረብኩለት። እልል ተባለ።

ባለቤቴ እማዋይሽ ቤት ስንገባ ወረፈችኝ። "የራስህ ልጆች በብርድ እየተንዘፈዘፉ አንተ ለሹም ትሸምናለህ?" አለችኝ። "ዝም በይ፣ አንቺ ምን ታውቂያለሽ" አልኳት። አይ እኔ ጅሉ!

ከዚያ ወዲያ ሁለት ክረምት አለፈ። ድልድዩም የለም፣ እሱም የለም። ገበያ ስወጣ ሰዉ ይቀልድብኝ ጀመር። "አያ ጌታነህ፣ ልጅዎ ደህና ነው? ደብዳቤ ይጽፍልዎታል?" ይሉኛል። "ላም አለኝ በሰማይ" እያለ ከኋላዬ የሚስቅም ነበር። እኔ ግን እከራከርለታለሁ። "አገር የሚያህል ነገር ይዞ እንዴት ይምጣ? ሥራ በዝቶበት ነው" እላለሁ።

በዚያ ነሐሴ ልጄ ሙሉነሽ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ እኛ ቤት መጥታ ነበር። ባሏ ለሥራ ዓለም ከተማ ወርዷል። ምጡ ጀመራትና አንድ ቀን ሙሉ ቆየ። በማግስቱ ጧት አዋላጇ ሴትዮ ወጥታ፣ "ይኼ በእኔ የሚሆን አይደለም፤ ልጁ ተጋድሟል። ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ አድርሷት" አለችን።

አምቡላንስ ስንደውል ሌላ ቀበሌ ሄዶ ጭቃ ይዞታል ተባልን። ቢመጣስ ወንዙን በምን ይሻገራል? እኛ ጋ ታማሚ የሚሄደው በሰው ትከሻ ነው። ለዚሁ የቃሬዛ ዕድር አለን። ጡሩምባ ሲነፋ አቅም ያለው ወንድ ሁሉ ሥራውን ጥሎ ይወጣል፤ ያልወጣ ይቀጣል። የዕድሩ ዳኛ አያ ወልዴ ጡሩምባ አስነፉ። የመጣው ግን አሥራ ሁለት ሰው ብቻ ነው።

"የቀረው የታለ?" ብል፣ "ተመራጭህን ሊቀበል መገንጠያው ላይ ወጥቷል" አሉኝ አያ ወልዴ። ለካ ሰውየው ዛሬ ይመጣል ተብሎ፣ ቀበሌው ሕዝቡን ከጧቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ መኪና መንገዱ ላይ አቁሞታል። እውነቱን ልናገርና ደስ አለኝ። ማርያም ናት ያመጣችው ብዬ አሰብኩ።

ሙሉነሽን በባና ጠቅልለን ቃሬዛው ላይ አስተኛናት። እናቷ ምች እንዳይመታት፣ የሰው ዐይንም እንዳያርፍባት ብላ ነጭ ነጠላ ፊቷ ላይ ጣለችላት። "ማርያም በሽልም ታውጣሽ" ብላ ደጃፍ ድረስ ሸኘችን። ወንዙን ስንሻገር ውሃው ደረታችን ደረሰ። ቃሬዛውን ከራሳችን በላይ አንስተን፣ እየጸለይን አለፍን። ድልድይ ይሠራበታል የተባለው ወንዝ እሱ ነው።

አራት ሰዓት ላይ መገንጠያው ደረስን። ከዚያ ጤና ጣቢያው ወዳለበት ወደ ዘመሮ ሁለት መንገድ አለ። የመኪናው መንገድ ተራራውን ይዞራል፤ በመኪና ግማሽ ሰዓት ይሆናል፣ በእግር ግን አይታሰብም። አቋራጩ የእግር መንገድ ደግሞ በገደሉ በኩል ቁልቁል ነው፤ ቃሬዛ ይዞ ሦስት ሰዓት ይፈጃል።

አያ ወልዴ መቀመጥ እንኳ አልፈለጉም። "በአቋራጩ እንውረድ። ቁልቁለት ነው፣ እየተቀባበልን እናደርሳታለን" አሉ።

"ኧረ አያ ወልዴ፣ መንገዱ ዳጥ ነው፤ ይዘናት ብንወድቅስ? መኪናው ደግሞ አሁን ይደርሳል እያሉ ነው። ወደ ዘመሮ ነው የሚያልፍ። ይዟት ይሄዳል" አልኳቸው።

"ካልመጣስ?"

"ይመጣል። እኔን አይቶ አያልፍም።"

አያ ወልዴ ትክ ብለው አዩኝ። "አባቷ አንተ ነህ። እንዳልክ" አሉና ቃሬዛው ወረደ። "እኔን አይቶ አያልፍም" ያልኩት ነገር ዛሬም ሽመና ላይ ቁጭ ብዬ ጆሮዬ ላይ ይመጣብኛል።

ጠበቅን። የቀበሌው ሊቀመንበር በየጊዜው ስልኩን ጆሮው ላይ ያደርግና "ተነስተዋል፣ መንገድ ላይ ናቸው" ይለናል። ሕዝቡ ቆሞ ቆሞ ደከመው። አንዲት አሮጊት ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ "ድምፅ ሲፈልግ በእግሩ ወንዝ ተሻግሮ መጥቶ ነበር። ዛሬ መኪናም አላደርሰው አለ?" አሉ። ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ልስቅ ሞከርኩ፣ አልመጣልኝም።

ሙሉነሽ ምጡ ሲመለስባት ትጮሃለች፣ ሲተዋት ትጠይቀኛለች። "አባባ፣ መኪናው አልመጣም?"

"ደረሰ ልጄ፣ ደረሰ።"

አምስት ሰዓት አለፈ። ከጓሳ ተራራ በኩል ሰማዩ ጠቆረና በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ወረደ። ሊቀበል የወጣው ሕዝብ ተበተነ፤ ሊቀመንበሩም ስልኩን በጋቢው ሸፍኖ ሮጠ። መገንጠያው ላይ የቀረነው ቃሬዛ ተሸካሚዎቹ ብቻ ነን። ባና ዘርግተን እላይዋ ላይ ያዝንላት። "አሁንስ እንሂድ" ይሉኛል፣ "ይህችን ዝናብ እናሳልፋት" እላለሁ። ከሄድን በኋላ ቢመጣስ? ይህን ያህል ጠብቀን? ሰው አንዴ ከጠበቀ መተው ያቅተዋል መሰለኝ።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሙሉነሽ መጮህ ተወች። ስለ መኪናውም መጠየቅ ተወች። አያ ወልዴ ተቆጡና "በቃ! አንሱ!" አሉ። ቃሬዛው ከመሬት ሲነሳ የሞተር ድምፅ ሰማን።

ሁለት መኪኖች ናቸው። "ይኸው! አላልኳችሁም?" ብዬ ጮህኩ። እኛ ጋ ትልቅ ሰው ሲመጣ እንዲሁ ተኮፍሶ አይቆምም። ኮፍያ ይወልቃል፣ ጋቢ ከትከሻ ይወርዳል፣ አንገት ዝቅ ይላል። ሁላችንም እንዲያ አደረግን፤ በዚያ ብርድ፣ በዚያ ዝናብ። ልቅሶ ላይም የምናደርገው ይህንኑ እንደሆነ በዚያ ሰዓት ማን ያስበዋል?

የመጀመሪያው መኪና ጭቃ ረጭቶብን አለፈ። ሁለተኛው ግን ቀስ አለ። መስታወቱ ወረደ። እሱ ነው። የእኔን በርኖስ ለብሷል። አየኝ። የተራቆተ ራሳችንን አየ፣ ቃሬዛውን አየ፣ ፊቷ ላይ ያለውን ነጭ ነጠላ አየ። ባርኔጣውን አውልቆ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

"ነፍስ ይማር። እግዜር ያጥናችሁ" አለ።

ምን እንዳለ እስኪገባኝ ድረስ መስታወቱ ተዘጋ፤ መኪናው ተንቀሳቀሰ። "አልሞተችም!" ብዬ ጮህኩ። "ኧረ በመድኃኔዓለም፣ አልሞተችም! ቁሙ!" እያልኩ ተከትዬ ሮጥኩ። ዳጡ ጣለኝ። ቀና ስል መኪናው ኩርባውን ዞሯል።

ከኋላዬ አያ ወልዴ ይራገማሉ። "ሬሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚሄድ። ሬሳ ይዞ መኪና መንገድ ላይ የሚቆም ማን አለ? አንዲት ሴት እንኳ ስታለቅስ አየ? ይኼ ነው የዚህ አገር ልጅ?" ይላሉ።

እኔ ጭቃዬን ይዤ ቃሬዛው ጋ ተመለስኩ። ነጠላው ሥር ቀጭን ድምፅ ሰማሁ።

"አባባ፣ ሞቻለሁ እንዴ?"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሳላችሁ? ነጠላውን ገፍፌ ጣልኩት። "አለሽ ልጄ፣ አለሽ" አልኳት። ዝናቡ ፊቷ ላይ ይወርዳል። በአቋራጩ ቁልቁል ወረድን። ሁለት ጊዜ ወደቅን፤ ሁለቱንም ጊዜ ተሸካሚዎቹ በጉልበታቸው ተንበርክከው እሷን አላስነኩም። እግዜር ይስጣቸው። እንወድቃለን ብዬ የፈራሁት መንገድ አደረሰን።

ጤና ጣቢያው ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። እዚያ ያለችው አዋላጅ ልጅ እግር ናት፤ ሮጣ ተቀበለችን። ብዙ ቆይታ ወጣችና "እናትየዋ ተርፋለች" አለችኝ። ቀጥላም ዐይኗን መሬት ላይ ተከለች። ወንድ ልጅ ነበር።

"መቼ ነው የሞተ?" አልኳት።

"ብዙም አልቆየም። ትንሽ ቀደም ብላችሁ ብትደርሱ ኖሮ..." አለችና አቋረጠችው። እኔን ልታቆስል አልነበረም፣ አላወቀችም። መገንጠያው ላይ የተቀመጥነውን ሁለት ሰዓት ተኩል ማንም አልነገራት። የእኔ ነው ያ ጊዜ፤ የማንም አይደለም።

እማዋይሽ ስትሰማ አልተናገረችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስለ በርኖሱ እንኳ አንስታ አታውቅም።

ጥቢ ላይ ተመራጩ ስብሰባ ጠራ። ይህን ጊዜ መጣ። ስለ ምክር ቤቱ ሥራ፣ ስለወጡት አዋጆች ረጅም ነገር ተናገረ። ጥያቄ ያለው ሲባል ተነሳሁ። "ተው፣ ተቀመጥ" እያሉ ጋቢዬን ከግራ ከቀኝ ይጎትቱኛል። አልተቀመጥኩም። ያን ዕለት የሆነውን ከጧቱ እስከ ማታው አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። "ነፍስ ይማር ያልካት ልጄ ቤቴ አለች፤ ሄደህ ልታያት ትችላለህ" አልኩት።

እሱም አቀረቀረ። አንድ ነገር የሚል መስሎኝ ነበር፤ አባቱን ስለማውቅ ይሆናል። ቀና አለና "በጣም ያሳዝናል አባቴ። አስተያየትዎን ይዘነዋል። ድልድዩም በዕቅድ ውስጥ አለ" አለኝ። ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጻፈ። ከኋላዬ አንዱ በሹክሹክታ "እሰይ፣ ተጻፈልህ" አለ። ቀጥሎ የተነሳው ሰው ስለ ማዳበሪያ ጠየቀ።

ሰው ሹማምንትን ሲያማ እሰማለሁ። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" ይላሉ፤ ለሆዳቸው ነው፣ ለወንበራቸው ነው ይላሉ። ድሮ እከራከር ነበር፣ አሁን ዝም ብዬ አዳምጣለሁ። እኔ ግን እሱን ክፉ ነው አልልም። ክፉ ሰው ባርኔጣውን አያወልቅም ነበር። ወርዶ "ማን ነው የሞተባችሁ?" ቢለኝ ይበቃኝ ነበር። ይህችን ብቻ አጣሁ። ያ ነው የሚያንገበግበኝ፣ ሌሊት ሌሊትም የሚያስነሳኝ። ምርጫ ሲነሳ ደግሞ ሰው "አያ ጌታነህ፣ ዘንድሮስ ማንን እንምረጥ?" ይለኛል። ምን ብዬ እመልሳለሁ? ተስፋዬን እዚያ መገንጠያ ላይ ጥዬዋለሁ።

ሙሉነሽ ደህና ናት። እንደ አገሩ ልማድ ነጠላ ፊቷ ላይ ጥላ ስትተኛ ካየሁ ግን አላስችለኝም፤ ቀስ ብዬ እገልጠዋለሁ።

ልጁን ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቀበርነው። ክርስትና ስላልተነሳ ፍትሐት አልተደረገለትም፤ ስምም የለው፣ ተዝካርም የለው። ቄሱ "እግዜር ያውቃል" ብለው ብቻ ሄዱ፤ እኛም አፈር መልሰን ተበተንን። ነፍስ ይማር ያለለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ለማን እንዳለ አያውቅም።