አባቴ የያዙት ገመድ

ትናንት ከቤተ መጻሕፍቱ ስንወጣ መዳፌን የድንጋዩ ግድግዳ ላይ አሳርፌ ስቆም «ምን ሆንሽ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። «ምንም» ብዬሽ አለፍኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲመታው የዋለ ድንጋይ መዳፌን ሲያሞቀኝ፣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ በረሃ ውስጥ የተንጠለጠልኩበት ቋጥኝ ትዝ ብሎኝ ነበር። ቆሜ የምነግርሽ ነገር ስላልሆነ ነው ለዛሬ ያቆየሁት።

አባቴ ከሱሉልታ ድርቆሽና ባሕር ዛፍ እየጫኑ አዲስ አበባ የሚያራግፉ የመኪና ሹፌር ናቸው። በቤታችን እሳቸው አንድ ጊዜ ከተናገሩ ደግሞ የሚጠይቅ አልነበረም። የእኛ ትምህርት ቤት የሚያስተምረው እስከ ስምንተኛ ብቻ ስለነበር፣ ለመቀጠል የሚፈልግ ከተማ ወርዶ ዘመድ ቤት መቀመጥ ነበረበት። አባቴ አንድ ምሽት እራት ላይ «ስምንተኛ ይበቃታል» አሉ። እናቴ ደስ አላት። ከጫንጮ የሆኑ ሰዎች ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ እንደሚልኩ ነግረዋት ነበርና። እኔ አንገቴን ደፍቼ በላሁ። መማር እፈልግ ነበር፤ ነገር ግን ለአባቴ «እፈልጋለሁ» ብዬ አላውቅም።

በዚያ ሰሞን የጂኦግራፊ መምህራችን ክፍላችንን ይዞ ወደ አዋሽ በረሃ ሊወርድ ፈለገ። ወጣት ፈረንጅ ነበር፤ አንቱ ስንለው ይስቃል። ድንጋይ መውጣት ይወድ ነበር። መኪናውን አባቴን ለመናቸውና እሺ አሉ።

ጎህ ሳይቀድ ተነሣን። የድርቆሽ ብናኝ ባልተራገፈበት መኪና ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ዱከምን ካለፍን በኋላ ብርዱ ቀስ በቀስ ለቀቀን፤ ከዚያ የመኪናው ብረት እጅ አላስነካ አለ። ረፋዱ ላይ ከግራሮቹ መካከል አንድ ጥቁር ቋጥኝ ፊት ለፊት ቆምን። ቁመቱ ከቤተ ክርስቲያናችን ጉልላት ብዙም አይበልጥም፤ መምህራችን «በአንድ ገመድ ያልቃል» አለ።

መሣሪያው ገመዱና በገመድ ቁራጭ የሰካካቸው ትልልቅ የብሎን ዳዶዎች ነበሩ። ድንጋዩን አይበሳም፣ ምስማርም አይመታበትም። ስንጥቁ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ የሚልበትን ቦታ እየፈለገ ዳዶውን ይወትፈዋል፤ ገመዱን በዚያ ያሳልፋል፤ ቢወድቅ ዳዶው ይበልጥ እየጠበቀ ይይዘዋል። ዳዶዎቹን የሰጡት ከዕቃ ሳጥናቸው ውስጥ አባቴ ነበሩ። አጠቃቀሙን ሲያዩ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ ለመኪናዬ ያላመንኩትን ዳዶ እሱ ነፍሱን ሊሰቅልበት ነው?» አሉ። ሁላችንም ሳቅን፤ መምህራችንም ሲተረጎምለት ሳቀ።

አንድ ጎረምሳ ተማሪ ገመዱን ከታች ይዞለት መምህራችን ቀድሞ ወጣ። ከላይ ሲደርስ ገመዱን በትልቅ ድንጋይ ዙሪያ አዙሮ ሁለቱንም ጫፍ ወደ እኛ ለቀቀልንና በሌላ በኩል ዞሮ ወረደ። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ሰው በአንደኛው ጫፍ ይታሰራል፤ ሌላው ሰው ደግሞ ከታች ሆኖ ሁለተኛውን ጫፍ በወገቡ ዙሪያ አዙሮ እየሳበ ይይዝለታል። መምህራችን አንድ ሕግ ነገረን። ገመድ ላይ ያለው ያዛል፣ መሬት ላይ ያለው ይታዘዛል። ትእዛዙም አጭር ይሁን፤ ለማላላት «ልቀቅ»፣ ለማጥበቅ «ሳብ»፤ ረጅሙን ነፋስ ይበላዋል።

ወንዶቹ ተራ በተራ ከወጡ በኋላ እጄን አወጣሁ። አባቴ ከመኪናው ጥላ ሥር ተነሡ። ኮታቸውን አውልቀው ገመዱን ከጎረምሳው ተቀበሉት።

«ልጄን ሌላ ሰው አይዝልኝም።»

የታችኛው ክፍል አላስቸገረኝም። ድንጋዩ መዳፌን እየፈጀኝ፣ በአፍንጫዬ የተቃጠለ አፈር እየሸተተኝ እስከ መካከሉ ደረስኩ። እዚያ ላይ ወደ ግራ መሻገር ነበረብኝ። እግሬን ስዘረጋ ገመዱ ወገቤን ወደ ላይ ጎተተኝ። አባቴ ጭነት ሲያስሩ «የላላ ጭነት መንገድ ላይ ይቀራል» ይሉ ነበር፤ እኔንም እንደ ድርቆሽ ጭነት ጥርቅም አድርገው ይዘውኛል። በተነፈስኩ ቁጥር ይበልጥ ያጠብቁታል።

የምለውን አውቅ ነበር። ነገር ግን ያን ቃል ለአባቴ፣ ያውም በሰው ፊት፣ እንዴት ብዬ? «አባባ፣ ካላስቸገርኩዎት ገመዱን ትንሽ ቢያላሉልኝ» አልኩ። ነፋሱ ወሰደው። እሳቸው የፈራሁ መስሏቸው ሳቡ። የእግሬ ጣቶች ከድንጋዩ ተነሡ።

«ቋንጣ ሆነች» አለ አንዱ ልጅ ከታች። «ተዋት፣ ትንሽ ትድረቅ።»

ሳቁ እስከ እኔ ደረሰ። መምህራችን እጁን አፉ ላይ ክብ አድርጎ እንዳዝ ይጮህልኛል። አባቴ ደግሞ ሲጨነቁ በሚቀናቸው በኦሮምኛ «ሱታ፣ ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፤ ቀስ በይ ልጄ ማለታቸው ነው። ያውርዱኝ ብላቸው ደስ ይላቸው ነበር። ፊቴን ድንጋዩ ላይ አስደግፌ አሰብኩ። ይህችን ካልተናገርኩ ያንን የትምህርቱን መቼም አልናገርም።

«አባባ፣ ይልቀቁ!»

ከታች ሳቁ ቆመ። አባቴ ላይ ልጅ ሲጮህባቸው የሰማ ሰው አልነበረም። ገመዱ እንደተወጠረ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ሲላላ ወገቤ ላይ ተሰማኝ። እግሬን ወደ ግራ ዘረጋሁ፤ ጣቶቼ ስንጥቁ ውስጥ ገቡ። ከዚያ በኋላ ወደ ላይ ስወጣ ሲላላ የፈለግሁትን ያህል ላላ፣ ሲጠብቅም ስጠይቅ ብቻ ጠበቀ። ጫፉ ላይ ደርሼ ወደ ታች ሳይ አባቴ አንገታቸውን ወደ ኋላ ሰብረው፣ ዐይናቸውን ሳይነቅሉ፣ ያዩኝ ነበር።

ዛሬም ስለዚያ ሳስብ የማመሰግነው ስለያዙኝ ብቻ አይደለም። በልጅ ቃል፣ ያውም በተማሪ ሁሉ ፊት፣ እጃቸውን ለማላላት ለእሳቸው ምን ያህል ከባድ እንደነበረ አሁን ስለገባኝም ነው።

ስንመለስ ጋቢና ከጎናቸው ተቀመጥኩ። ከኋላ ልጆቹ ይዘፍናሉ። እጃቸውን ከመሪው ሲያነሡ መዳፋቸው በገመዱ ተልጦ አየሁ። ዱከም ስንደርስ መሸ። ድፍረቱ ሳይበርድብኝ አጭር አድርጌ ተናገርኩ።

«አባባ፣ መማር እፈልጋለሁ። ከተማ አክስቴ ዘንድ ልሂድ።»

እሳቸው ማርሽ ቀየሩ። አዲስ አበባን አቋርጠን የእንጦጦን ዳገት ስንይዝ ብርዱ በመስኮቱ ገባ። ልጆቹን በየደጃቸው አወረድን። አጥራችን ጋ ስንደርስ ሞተሩን አጠፉት። በቤታችን መስኮት የኩራዝ ብርሃን ይታያል፤ እናቴ ወዲያ ወዲህ ስትል ጥላዋ ያልፍ ነበር።

«ለእናትሽ እኔ እነግራታለሁ» አሉኝ። «አንቺ ከኋላዬ ግቢ።»

እሺ አልኩ። እሳቸው ግን አልወረዱም። እጃቸውን በሩ ላይ አድርገው መስኮቱን ያያሉ። እናቴን እሳቸውም እንደሚፈሯት ያን ምሽት አወቅሁ። ከዚያ ወዲህ እኔ ከተማ ቀረሁ፤ እሳቸውም መንገድ ላይ ናቸው፤ እንደዚያ ጎን ለጎን የተቀመጥንበት ቀን ጥቂት ነው። ያን ምሽት ግን እጃቸውን ከበሩ አንሥተው «ትንሽ እንቀመጥ» አሉኝ። ተቀመጥን።